ትንሹም ፊደል ይነበብ

በሱቅ ደረሰኝ ወይም በአነስተኛ የስልክ መስኮት ላይ ያለውን ፊደል አጉልታችሁ ብትመለከቱት ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለላቲን ፊደል 5 ነጥብ ወርድና 7 ነጥብ ቁመት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለእኛ ፊደል ግን ይህ ጠባብ ነው። «ጠ»ን ውሰዱ፤ ሦስቱ እግሮቹና በመካከላቸው ያሉት ሁለት ክፍተቶች ብቻ 5 ነጥብ ይፈጃሉ። ታዲያ የ«ጤ» ቀለበት የት ይግባ? ቀለበት ቀለበት ለመሆን ቢያንስ 3 በ3 ነጥብና በመካከሉ አንድ ባዶ ቦታ ይሻል። ያች ባዶ ቦታ ከተደፈነች፣ ኃምሱ ከሣልሱ ጋር ይምታታና «ግቤ» የተባለው ወንዝ «ግቢ» ሆኖ ይነበባል። (በማስተምርበት ዘመን ቀለም በሚተፋ ብዕር ቀለበት የሚደፍኑ ተማሪዎችን አርሜ አልጨርስም ነበር፤ የማሽኑ ስሕተት ግን ይብሳል፤ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋልና።)

ትልቁን ፊደል በማሽን ማሳነስ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማሽን ለጌጥ የተጨመረውን ውፍረትና ድምፅን የሚለየውን ምልክት ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም እኩል ይቆርጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ መለያ ቁጥር ተሰጠው እንጂ የነጥቦቹ አሰላለፍ አልተወሰነለትም። ይህ የነዳፊው ድርሻ ነው። ስለዚህ ነዳፊው ለየመጠኑ ፊደሉን እንደገና በእጁ ሊያበጀው፣ ጌጡን ጥሎ ቀለበቱንና ቅጥያውን ሊያተርፍ ይገባዋል።

እስቲ ባለ ካሬ ደብተራችሁን አውጡና «ጤ»ን በ9 በ9 ካሬ ውስጥ ንደፉ። ቀጥሎም በ7 በ7 ሞክሩት፤ የትኛውን ጭረት ትተዋላችሁ?