ከሰንዓ የተጻፈ ጥናት በጎፋ ሲነበብ

አንትሮፖሎጂስቷ ማሪና ደ ሬግት በየመን ስለነበሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ያካሄዱት የኢትኖግራፊ ጥናት ሁለት ቁም ነገሮችን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጽሑፋቸው ቀጣሪዎች ሠራተኛን በሥራ ችሎታዋ ብቻ ሳይሆን በዜግነቷና በዘሯ ጭምር እየመዘኑ እንደሚመርጡ ይገልጻል። በ2010 የታተመው ደግሞ “ሕጋዊ” እና “ሕገ ወጥ” የሚሉት ስያሜዎች ቋሚ አለመሆናቸውን ያስረዳል፤ በውል የገባች ሴት ከአሠሪዋ ቤት በወጣች ማግሥት ሕጋዊነቷን ልታጣ ትችላለችና።

እንዲህ ያለው ጥናት በኢትዮጵያ በአብዛኛው የሚነበበው ዐረብ ሀገርን ለመክሰስ ነው። ክሱ መሠረት አለው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ እንዲወጡ መደረጋቸው አይዘነጋም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ወደ ነፋስ ስልክ ላፍቶም መመለስ ይኖርበታል።

በጎፋ፣ በለቡና በጀሞ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በደላላ አማካይነት በቤት ሠራተኛነት ይቀጠራሉ። “የየት አገር ልጅ ናት?” የሚለው ጥያቄ ከሙያዋ ቀድሞ ሲነሣ መስማት እንግዳ አይደለም። የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ እዚህ ስለሌለ ሁኔታው ከሰንዓው ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ሰውን ከሥራው በፊት በትውልዱ መለካት ግን በሁለቱም ዘንድ አለ።

ሕጉም ልዩነቱን ያሰፋዋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በወጣበት ጊዜ ከተጓዧ የ8ኛ ክፍል ትምህርትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጠይቋል፤ የሥራ ውሏም በመንግሥት እንዲጸድቅ አድርጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንጻሩ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ አንዲት ሴት በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ መንግሥት ውሏን ይመረምራል፤ ላፍቶ ስትቀጠር ግን ውል ይኑራት አይኑራት የሚጠይቅ የለም።

ብዙ ቀጣሪዎች ራሳቸው በዝቅተኛ ደመወዝ የሚተዳደሩ ናቸው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ሆኖም የጽሑፍ ውልና የሳምንት ዕረፍት ቀን ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ አይጠይቁም። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም በሰንዓ ቤቶች የተጠየቀውን በጎፋ ቤቶች ሊጠይቁ ይገባል። በቤቷ ላለች ሠራተኛ ያልተሰጠ መብት በባዕድ አገር ሲጠየቅ ክርክሩ ይሳሳል።