ወደ እሳት ተራራ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የተራራውን ወሬ ይጠይቅ

ያገሩን ተራራና ወንዝ፥ ያገሩን አውሬና አዕዋፍ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰው፥ በወሬ ብቻ ከሚያውቀው ይልቅ አገሩን እንደሚወድና እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ሠራተኞቻቸውን፥ ካህናትም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን እየያዙ በዕረፍት ቀን ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ ለጉብኝት መሄድን መልመዳቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ከሚቻልባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ነገር ግን ይህ ስፍራ እንደ ማናቸውም መናፈሻ አይደለም፤ ፈንታሌ የሚባለው ተራራ በውስጡ አለና። ፈንታሌም እሳቱ ያልጠፋ ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። እንግዲህ ወደዚህ ስፍራ የሚሄድ ሰው ጉዞውን እንዴት ሊያሰናዳ እንደሚገባው፥ ጠርቶ የሚያስተናግደውም ክፍል ምን ሊነግረው ግዴታ እንዳለበት ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል።

ፈንታሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,007 ሜትር ከፍ ያለ፥ በራሱም ላይ ሰፊና ጥልቅ ጐድጓድ ያለው ተራራ ነው። ይህ ጐድጓድ የተፈጠረው ከሥሩ የነበረው ቅልጥ አለት ወጥቶ ባለቀ ጊዜ የተራራው ራስ ወደ ውስጥ ስለ ተደረመሰ ነው። የእሳተ ገሞራን ታሪክ የሚመዘግቡ ሊቃውንት፥ በ13ኛው መቶ ዓመት ከተራራው በስተደቡብ የነበሩ አንድ ከተማና አንድ ቤተ ክርስቲያን በእሳቱ እንደ ጠፉ ጽፈዋል። ደግሞም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ግድም በደቡብ ጎኑ ያለው መሬት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ ቅልጡ አለት ወደ ሜዳው ፈሰሰ። በመተሐራ አካባቢ በመንገዱ ዳር የሚታየው፥ ሣር የማይበቅልበት ጥቁር ድንጋይ ሁሉ እንዲህ ያለው እሳት የሠራው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የ2017 ዓ.ም. ነገር ገና ከልባችን አልወጣም። በዚያ ዓመት ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና ከእርሱ በስተሰሜን ባለው በዶፈን ተራራ መካከል ምድር ትንቀጠቀጥ ጀመር። በታኅሣሥና በጥር መንቀጥቀጡ በረታ፤ በዶፈንም አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ በኃይል ወጣ። የካቲት 7 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ያህል ነበር፤ በአዲስ አበባም በፎቅ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ዐወቀው። ምክንያቱም ከምድር ሥር ቅልጥ አለት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ዐለቱን እየሰነጠቀ ስለ ገባ እንደ ሆነ፥ ከሰማይ የሚለኩ መሣሪያዎች ባገኙት የመሬት መከፈት ተረጋገጠ። መንግሥትም በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ወደ ሰማንያ ሺህ የሚሆን ሕዝብ ከአደጋው ስፍራ እንዲነሣ ማድረግ ግድ ሆነበት። እሳቱ በዚያን ጊዜ ወደ ላይ ሳይወጣ ቀረ፤ ይሁን እንጂ ከሥር መኖሩን በግልጥ ተናገረ።

አንዳንድ ሰው «ሁለት መቶ ዓመት ዝም ያለ ተራራ ዛሬ እኔ በሄድሁበት ቀን ይነሣልን?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በአፋር ምድር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ነው። ይህ ተራራ በታሪክ የተጻፈ አንድም ፍንዳታ ያልነበረው ሲሆን፥ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገት ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፥ ከዚያም አልፎ ሕንድን ደረሰ፤ አውሮፕላኖችም በረራቸውን እስከ መተው ደረሱ። የዝምታ ዘመን መርዘም የደኅንነት ማስረጃ አይደለም። የተራራ ዕድሜ በእኛ ዕድሜ የሚለካ አይደለምና።

ብልህ ከሌላው፥ ሞኝ ከራሱ ይማራል እንደሚባለው፥ በሌላ አገር የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል፤ የነዚህንም ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጠዋለን። በኒው ዚላንድ አገር ዋካሪ የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት አለች። ኅዳር 18 ቀን 2019 በዚያች አገር ተራሮችን የሚጠብቁ ሊቃውንት የአደጋውን ደረጃ አንድ እርከን ከፍ አድርገው ለሕዝብ አስታወቁ። ጎብኝዎችን የሚያመላልሱት ጀልባዎች ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ታኅሣሥ 9 ቀን ደሴቲቱ በፈነዳች ጊዜ በላይዋ 47 ሰዎች ነበሩ፤ ከነዚህም 22ቱ ሞቱ። እንግዲህ የሊቃውንቱ ቃል ተነግሮ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ሰውን ከመንገድ የሚመልስ ትእዛዝ ሳይሆን ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ።

በጃፓን አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። መስከረም 27 ቀን 2014፥ ቅዳሜ ቀን፥ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፥ የዛፉን ቅጠል ቀለም ለማየት ብዙ ሰው በወጣበት ጊዜ የኦንታኬ ተራራ ፈነዳ። የአደጋው ደረጃ በዚያ ቀን ከሁሉ በታች ያለው አንደኛው ደረጃ ነበር፤ የሞቱትና የጠፉት ግን 63 ናቸው። ከዋካሪ የምንማረው፥ ማስጠንቀቂያ ሲነገር መስማት እንደሚገባ ነው። ከኦንታኬ የምንማረው፥ ማስጠንቀቂያ ባይኖርም በእሳት አፍ ላይ የሚቆም ሰው ራሱን መጠበቅ እንዳለበት ነው።

በመልካም ምሳሌነት የሚጠቀስም አለ። በሃዋይ ደሴት ያለው የእሳተ ገሞራ ፓርክ በ1916 የተመሠረተ ሲሆን፥ ተራራውን የሚጠብቀው የምርምር ቤት ግን ከእርሱ አራት ዓመት ቀድሞ በ1912 ተቋቁሟል። ጠባቂው ቀድሞ፥ ጎብኝው ኋላ ማለት ነው። በ2018 ኪላዌያ የሚባለው ተራራ በተናወጠ ጊዜ፥ አስተዳዳሪዎቹ ከግንቦት 11 ቀን እስከ መስከረም 22 ቀን ድረስ፥ ከአራት ወር በላይ፥ የፓርኩን አብዛኛውን ክፍል ዘጉት። ብዙ ገንዘብ እንደ ቀረባቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመልሶ ጎበኛቸው። እውነት የተነገረው እንግዳ አይሸሽም፤ የሚሸሸው የተታለለው ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። እንግዳን ወደ እሳት ተራራ የሚጠራ መሥሪያ ቤት የዕለቱን እውነት በበሩ ላይ ሊለጥፍ ይገባዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፥ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የምድርን መንቀጥቀጥ የሚለኩ ሊቃውንት አሉ። እነርሱ የለኩት ነገር በሊቃውንት መጽሔት ላይ ብቻ መውጣቱ አይበቃም፤ በየማለዳው ወደ ፓርኩ በር ሊደርስ ያስፈልጋል። በዚያም በሰሌዳ ላይ፥ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በአፋርኛና በእንግሊዝኛ፥ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ባለፉት ቀናት ምድር ምን ያህል ተንቀጠቀጠ? ዛሬ የትኛው መንገድ ክፍት፥ የትኛውስ ዝግ ነው? አደጋ ቢነሣ ሰው ወዴት ይሂድ? ከዚህም ሌላ በሩን ለመዝጋት ሥልጣን ያለው አንድ ሹም በስፍራው ይኑር። ይህ ሹም ከበላይ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ የሚጠብቅ ከሆነ፥ ደብዳቤው በመንገድ ላይ ሳለ ተራራው አይጠብቀውም።

«እንዲህ ያለ ሰሌዳ እንግዳን ያስፈራል፥ ገቢንም ይቀንሳል» የሚል ወገን እንደሚኖር እናውቃለን። ይህ አሳብ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በጉብኝቱ የሚተዳደሩ አስጐብኝዎች፥ የምግብ ቤት ባለቤቶችና ጥበቃዎች ልጆች አሏቸውና። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ በቸልተኝነት የጠፋ የሰው ሕይወት የስፍራውን ስም ለብዙ ዓመት ያጠፋዋል። ደግሞም በዚያ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚኖሩት ከረዩዎች፥ አፋሮችና አርጎባዎች ናቸው። ለእንግዳው የሚለጠፈው ቃል ለእነርሱም ይጠቅማል። እንግዳው አይቶ ይመለሳል፤ እነርሱ ግን ከነከብቶቻቸው ከተራራው ጋራ ያድራሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ተጓዡ እንናገራለን። ከአዲስ አበባ እስከ ፓርኩ በር ያለው መንገድ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ወደ ጂቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች የሚበዙበት ስለ ሆነ አራት ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው ከጥዋቱ 3 ሰዓት ይደርሳል። ቆላ ነውና ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። ጨለማ ሳይዘው ናዝሬትን ለማለፍ የሚወድ ሰው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት መነሣት አለበት። ለጉብኝት የሚቀረው እንግዲህ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

በስድስት ሰዓት ውስጥ ሁሉን አያለሁ የሚል ሰው አንዱንም በደንብ አያይም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆንበታል። ሳላና ሰጎን የሚታዩበት የኢላላ ሳላ ሜዳና የአዋሽ ፏፏቴ ከአውራ ጎዳናው በስተደቡብ ናቸው። ፈንታሌና ዘንባባ የከበበው የፍልውሃው ምንጭ ግን በስተሰሜን፥ በአስቸጋሪ መንገድ የሚደረስባቸው ናቸው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከሁለቱ ወገን አንዱን ይምረጥ። ልጆችንና ሽማግሎችን የያዘ ሰው ሜዳውንና ፏፏቴውን ቢመርጥ፥ ተራራውንም ከሩቅ ቢመለከት ይሻለዋል።

ስንቅን በሚመለከት፥ ለእያንዳንዱ ሰው ከሦስት ሊትር የማያንስ የመጠጥ ውሃ ይያዝ። በመንገድ ዳር ሰፍቶ የሚታየው የበሰቃ ሐይቅ ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ነውና በእርሱ ተስፋ አይደረግ። ሽፍን ጫማ፥ ባርኔጣ፥ የቍስል መድኃኒትና ትርፍ ጎማ አይረሱ። በበሩ ላይ የተጓዦቹ ስም ሁሉና የሚመለሱበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ያለ ፓርኩ ጠባቂም ወደ ተራራው የሚወጣ አይኑር። እንፋሎት የሚወጣበትን ስንጥቅ መርገጥ፥ ወደ ዝቅተኛ ጐድጓድ መውረድ አይገባም፤ ከምድር የሚወጣው የታፈነ አየር ከባድ ስለ ሆነ በዝቅተኛ ስፍራ ተኝቶ ሳይታይና ሳይሸት ሰውን ሊገድል ይችላልና። ምድር ቢንቀጠቀጥ ከገደል አፋፍ ፈጥኖ መራቅና በተገለጠ ሜዳ መቆም ይገባል። በወንዙም ዳር አዞ እንዳለ አይዘንጋ።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ከሁሉ የሚከብደው ስንቅ ገና ቀርቷል፤ እርሱም ለመመለስ ፈቃደኛ መሆን ነው። ከሌሊት ተነሥቶ፥ የመኪና ኪራይ ከፍሎ፥ በልጆች ደስታ ተከቦ በሩ ላይ ለደረሰ አለቃ «ዛሬ መንገዱ ዝግ ነው» ሲሉት መቀበል ቀላል አይደለም። ሹም ከሆነ ደግሞ ጠባቂውን በማዕርጉ አስገድዶ ለማለፍ ይፈተናል፤ ካህን ቢሆን ጠባቂው ስለ አክብሮት ዝም ብሎ ያሳልፈው ይሆናል። ሰዎችን ወደ አደጋ የሚያስገባቸው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሠራተኞቹና ልጆቹ የተከተሉት በእርሱ ታምነው ስለ ሆነ፥ በዚያች ሰዓት የአለቃነቱ ዋጋ የሚታወቀው በማለፉ ሳይሆን በመመለሱ ነው። ብልህ አለቃ ገና ከቤቱ ሳይነሣ ስለዚህ አስቦ፥ በሩ ቢዘጋ ቀኑ በከንቱ እንዳያልፍ ሌላ የሚጎበኝ ስፍራ አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ለተከታዮቹም በዋዜማው ይነግራቸዋል።

ተራራው የእኛን የዕረፍት ቀን አያውቅም፥ የሹመታችንንም ደብዳቤ አያነብም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ እውነቱን በበሩ ላይ ይጻፍ፥ ጠባቂው ሳይፈራ ያንብብ፥ ተጓዡም ሰምቶ ይታዘዝ። ይህ ከሆነ የኢትዮጵያን ድንቅ ሥፍራ አይቶ በደኅና ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ይበዛል፤ የሚያለቅስ ቤተ ሰብም አይኖርም።