የጎብኚ ፈቃድና የተቆረጠው ቀን

ከድሬ ዳዋ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደንገጎ በሚወጣው መንገድ አቅራቢያ ሐርላ የምትባል ጥንታዊት ስፍራ አለች። የአገሩ ገበሬዎች የፈረሰውን ግንብ ድንጋይ ትልቅነት እያዩ፣ ከተማዪቱን የሠሯት ግዙፋን ሰዎች እንደ ነበሩ ሲተርኩ ኖረዋል። ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩትና ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. የተገለጸው ቁፋሮ ግን ሌላ ታሪክ አወጣ። ከአፈሩ ውስጥ የግብፅ ገንዘብ፣ የቻይና ሸክላ፣ ከሩቅ ባሕር የመጣ ዛጎል፣ እንዲሁም በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ ተገኘ። ከባሕር ማዶ የመጡ ነጋዴዎችና ጥበበኞች ከአገሩ ሰው ጋር ተቀላቅለው ይኖሩባት እንደ ነበር ሊቃውንቱ ይናገራሉ። እንግዲህ ሐርላ ባዕድ የሚመጣባት አገር ነበረች። ዛሬ መንገዱ ተገልብጦ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱት የእኛው ልጆች ሆነዋል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን፣ በዚሁ የደንገጎ መንገድ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ ከዐረብ አገርም ስእለታቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ። እኛም በየጊዜው የምናስተውለው ነገር አለ፤ ይኸውም በእህት ወይም በአጎት እጅ የሚላከው ስእለት ነው። «እርሷ መምጣት ስላልቻለች እኔ አመጣሁላት» ይባላል። ለምን መምጣት እንዳልቻለች የሚጠይቅ የለም። ሥራ በዝቶባት የቀረች ብዙ ናት፤ ነገር ግን ከነዚህ መካከል የቀሩበት ምክንያት የጎብኚ ፈቃዳቸው ቀን ካለፈ ዓመታት ስለ ተቆጠሩ የሆነባቸው አሉ። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ እነርሱ ነው።

የምናውቀው አንድ የድሬ ዳዋ ቤተሰብ አለ። ልጃቸው ለዘመድ ሠርግ በጎብኚ ፈቃድ ወደ አሜሪካ ሄደች። ለመቆየት የተፈቀደላት ስድስት ወር ነበር። አምስተኛው ወር ሲያልቅ ወደ ቤት ደውላ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?» ብላ ጠየቀች። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረና «አገር አለሽ፣ የትም አይሄድም፤ ለጊዜው ቆዪ» አላት። ቆየች። በምሽት ቢሮ እያጸዳች ሁለት ወንድሞቿን አስተማረች፤ የቤቱም ጣራ ተለወጠ። ይህን መካድ አይገባም፤ ገንዘቡ እውነተኛ ገንዘብ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት እናቲቱ ታመሙ። ልጂቱ የሕግ ዐዋቂ ብትጠይቅ፣ ከወጣሽ አሥር ዓመት መመለስ አትችዪም አላት። ወንድሞቿ የእናታቸውን ሕመም ብርታት ደበቋት። እናቲቱም ዐረፉ። በአገራችን ልማድ በሩቅ ላለ ሰው መርዶ የሚነገረው ማልደው በሚሄዱ ሽማግሌዎች ነውና፣ እዚያ ያሉ የሰፈር ልጆች ተመርጠው ንጋት ላይ በሯን አንኳኩ። ቀብሩ ከተፈጸመ ሦስተኛው ቀን ነበር። ልጂቱ ከሁሉ በላይ ያማረረችው ሞቱን አልነበረም፤ «መምጣት እንደማልችል ዐውቃችሁ ነው የደበቃችሁኝ» አለች። ወንድሞቿም የሚመልሱት አልነበራቸውም።

እንግዲህ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ላይ ነው። በፓስፖርቱ ላይ በተለጠፈው ቪዛ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን ወደዚያ አገር በር ለመድረስ የሚቻልበት ቀን እንጂ፣ በዚያ ለመቆየት የተሰጠ ቀን አይደለም። በአሜሪካ የመቆያውን ቀን የሚቆርጠው በመግቢያው በር ላይ ያለው ሹም ሲሆን፣ የሚጻፈውም አይ-94 በተባለው መዝገብ ነው። ቪዛው ገና ሁለት ዓመት ቀርቶት ሳለ የመቆያው ፈቃድ በስድስት ወር ሊያልቅ ይችላል። ቀኑ አልፎ የተገኘ ሰው ቪዛው እንደ ተሰረዘ ይቆጠራል።

ከዚህ የሚብሰው በ1989 ዓ.ም. የጸናው ሕግ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ቆይቶ የወጣ ሰው ሦስት ዓመት እንዳይመለስ ይከለከላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ ደግሞ አሥር ዓመት። ይህን ሕግ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያገኝበታል፤ ክልከላው የሚጀምረው ሰውዬው ሲወጣ ነው። እንዳይቆይ የወጣው ሕግ የቆየውን ሰው መውጣት እንዲፈራ አደረገው። ቅጣቱን የሚሸሽ ሰው በአገሩ ላይ በሩን በራሱ እጅ ይዘጋል፤ ወላጅ ሲሞት፣ እኅት ስትዳር፣ የአባት ተዝካር ሲወጣ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። እስር ቤት አይደለም፤ ግን መውጫው ያው ነው።

በዐረብ አገር ያለው ነገር መልኩ ሌላ ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የጎብኚ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው በየቀኑ 50 ድርሃም ይቈጠርበታል። ይህ በዓመት 18,250 ድርሃም ማለት ነው፤ በሰው ቤት ለምታገለግል ልጅ ይህን አጠራቅሞ መክፈል ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያስበው። ደላላው «በጎብኚ ትገቢያለሽ፣ እዚያ ሥራ ይገኛል» ብሎ ሲልካት፣ መንግሥት ያጸደቀው የሥራ ውል የላትም፤ አሠሪው ደመወዟን ቢከለክላት የምትከስበት ወረቀት የላትም። በ923/2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ጥበቃም የተጻፈው በውል ለምትሄደው ነው።

በሳዑዲ ዐረቢያ የሆነውንም የሚረሳ ያለ አይመስለንም። የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. አፈሳው ሲጀመር፣ በሪያድ መንፉሓ በተባለው ሰፈር ሁከት ተነሥቶ ከወገኖቻችን የሞቱ ነበሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከነዚህ አያሌዎቹ በየመን በኩል ያለ ፈቃድ የገቡ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በሕጋዊ ወረቀት ገብተው ቀኑ ያለፈባቸው ወይም ከአሠሪያቸው ቤት የወጡ ነበሩ። ፖሊስ በሌሊት በር ሲሰብር ግን አገባባቸውን ለይቶ አልጠየቀም።

ስለ ኢየሩሳሌም አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ግን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሚገባ አይሆንም። ለፋሲካ ተሳላሚዎች ወደ ቅድስት አገር ሲሄዱ የሚሰጣቸው የጎብኚ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሦስት ወር ብቻ ነው። ከተሳላሚዎቹ መካከል ማኅበሩ ሲመለስ ተለይተው የቀሩ ነበሩ። ነገሩ ለቀረው ሰው ብቻ አይደለም፤ በዕድሜያቸው ማለቂያ ዴር ሡልጣንን ለመሳለም ገንዘብ ያጠራቀሙ አሮጊት ቪዛ ሲጠይቁ፣ ባለ ሥልጣኑ «ይመለሳሉን?» ብሎ የሚጠራጠረው ከእርሳቸው በፊት ባልተመለሰው ምክንያት ነው። ለመሳለም ብሎ ሄዶ ለሥራ መቅረት፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ከሌላው ሁሉ የሚከፋ ነው።

ወቀሳውን ግን በልጆቹ ላይ ብቻ አንጥልም። ቆዪ የሚላት ማን ነው? ለመሄጃው የተበደረውን ገንዘብ ያልከፈለው ቤተሰብ ነው። «የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ» የሚለው ጎረቤት ነው። ልጂቱ ከባሕር ማዶ ሆና ስትጠይቅ የሚመልስላት ሰው ሕጉን ሳያውቅ ይመልስላታል። ስለዚህ በስልክ ስትደውል አስቀድሞ የሚጠየቀው የደመወዟ ነገር ሳይሆን የመቆያ ቀኗ መቼ እንደሚያልቅ ይሁን።

ቀኑ ገና ያላለፈበት ሰው ብዙ በር አለው። በአሜሪካ አይ-539 በተባለው ቅጽ መቆያው እንዲራዘምለት ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው መግባት ያለበት ግን ቀኑ ሳያልፍ ነው። በእውነት ስደት የሚያሰጋው ሰው ጥገኝነት የሚጠይቀው በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበሉት በጠባብ ምክንያት ብቻ ነው። ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን፣ በሕጋዊ መንገድ የገባ ሆኖ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም 21 ዓመት የሞላው ልጅ ያለው እንደ ሆነ፣ ከአገሩ ሳይወጣ ወረቀቱን ማስተካከል ይችል ይሆናል። ይህን የሚያውቀው የተፈቀደለት የሕግ ጠበቃ ነው እንጂ በቡና ቤት የሚቀመጥ አዋቂ ነኝ ባይ አይደለም። ጠበቃውን ሳያማክር አውሮፕላን ላይ መውጣት አይገባም፤ በሩ የሚዘጋው ሲወጣ ነውና።

በዐረብ አገር ያለው ደግሞ የምሕረቱን ጊዜ ነቅቶ ይጠብቅ። ኤምሬትስ ከነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ባወጀው ምሕረት፣ ቀኑ ያለፈበት ሰው ቅጣቱ ተሰርዞለት፣ ዳግመኛ እንዳይገባም ሳይከለከል ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት ሰልፉ ይረዝማል። ፓስፖርቱ በአሠሪው እጅ የቀረ ሰው ከቆንስላው ሊሴ ፓሴ ማውጣት ይችላል፤ ለዚህም የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ ይጠቅመዋልና፣ ልጅ ወደ ውጭ የላከ ቤተሰብ ሁሉ ቅጂውን በቤቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ።