ደህና መሆን ኪኒን ማቆሚያ አይደለም

ባለፈው ዕረፍት አገር ቤት ሄጄ አያቴን፣ «የደም ብዛቱን ኪኒን ይወስዳሉ?» ብላቸው፣ «ተወኝ ልጄ፣ ተሽሎኛል እኮ! ለደህና ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ይህ አነጋገር በየቤታችን አለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የደም ብዛት ኪኒን እንደ ወባ መድኃኒት ጥቂት ቀን ተውጦ የሚያበቃ አይደለም፤ ግፊቱን ይዞ ያቆያል እንጂ በሽታውን ነቅሎ አያወጣም። አያቴ የተሻላቸው ስለዋጡት ነው። ሲያቋርጡት ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ከ140/90 በላይ ሆኖም ብዙ ጊዜ ሕመሙ አይሰማም። ጉዳቱ ግን አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ያገኛል።

ታዲያ ጥፋቱ የአረጋውያኑ ነው? አይመስለኝም። ኪኒን የሚሰጣቸው አለ፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ግን ጥቂት ነው። እኛስ የምንሠለጥነው ለማስረዳት አይደለም ወይ?

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ቁጣውን ትተን እንጠይቃቸው። ኪኒኑ ሲነሡ ያዞራቸዋል? በጾም ሰዓቱ ተዛብቶባቸዋል? ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳሉ? እነዚህ ማስታገሻዎች ግፊት ይጨምራሉ። መልሱን ይዘን አብረናቸው ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ኪኒኑን መቀየርም ሆነ ማቆም የሐኪም ፈንታ ነው።

አያቴ እንደገና ጀምረዋል።