ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ቅባት፣ ከዚያ እንቅልፍ

ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ማታ፣ አዲስ አበባ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ እያወራን ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ አክስቷን ሰላም ልትል ብቅ አለች። እህቴ ገና እንዳየቻት፣ “ውይ የኔ ቆንጆ! ምነው እንዲህ ጠቆርሽ? ፊትሽን ምን ነካው?” አለቻት። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ የፍቅር ነው፤ “ከሳሽ”፣ “ወፈርሽ” እንደሚባለው። ልጄ ፈገግ ብላ ተሰናበተችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያው ላይ ሰባት ዕቃ ቆጠርኩ። ቫይታሚን ሲ፣ ሬቲኖል፣ ሁለት ዓይነት አሲድ፣ ፊት የሚፈገፈግበት ሻካራ ክሬም፣ ሌላም ሌላም። በየማታው ሁሉንም ትጠቀማለች። ፊቷ እንደሚያቃጥላት ግን አልነገረችኝም። “ካቃጠለ እየሠራ ነው” የሚል ቪዲዮ አይታ ኖሯል።

እኔስ እንዴት አላየሁም? ቆዳ ሲቆጣ ቀይ ይሆናል ብዬ ስለማስብ ነው። ቡናማ ቆዳ ላይ ቅላቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም። የተቆጣው ቦታ ጠቆር ይላል፣ ወይም ወደ ወይን ጠጅና ወደ ግራጫ ይሄዳል። በእጅ ሲነኩት ይሞቃል፣ ይሻክራል፣ ያሳክካል። ቁጣው ከበረደ በኋላም ጥቁር ምልክት ይቀራል፤ የተቆጣ ቆዳ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን አብዝቶ ይሠራልና። ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ልጄ ጥቁረቱን ለማጥፋት በፈገፈገች ቁጥር ሌላ ጥቁረት እየጨመረች ነበር።

እናቴ “ወዝ” የምትለው ቃል ትዝ አለኝ። ወዝ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው ቅባትና እርጥበት ነው። “ፊቷ ወዝ አለው” ከተባለ ምስጋና ነው። (ላብም ወዝ ይባላል፤ “ወዛደር” የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው፣ በወዙ የሚያድር ሰው ማለት ነው።) ወዝ ያጣ ቆዳ አመድ ይመስላል። “እግርሽ አመድ መስሏል፣ ተቀቢ እንጂ!” ሳይባል ያደገ የሐበሻ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው የማታ ሥራው ይህንን ወዝ መጠበቅ ነው።

ሰባቱን ዕቃ በካርቶን አድርገን አነሳናቸው። አሁን መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንድ ማጠቢያና አንድ ቅባት።

ማታ እጇን ትታጠብና ፊቷን ለብ ባለ ውሃ ታርሳለች። ለብ ያለ ውሃ ማለት ሙቅም ቀዝቃዛም ያልሆነ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ነው። ሙቅ ውሃ ወዙን ይወስዳል። ከዚያ ለስላሳውን ማጠቢያ በጣቷ ቀስ አድርጋ ታሽና ትለቀልቃለች። ብሩሽ የለም፣ ሻካራ ጨርቅም የለም። ደረቅ ሳሙናውንም ትተናል፤ የጤናማ ቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ሲሆን፣ የተለመደው ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ፊታችሁ ውጥር ካለ፣ “አሁን ጸዳ” አትበሉ፤ ወዙ ሄዷል ማለት ነው።

በፎጣ ማሸት የለም፤ ጫን ጫን አድርጎ ውሃውን ማንሳት ይበቃል። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት ወፈር ያለ ክሬም ትቀባለች። ቆዳ ሌሊት ከቀን ይበልጥ ውሃ ያጣል። እኛ ያለንበት ስቶክሆልም በክረምት ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ ዱባይና ሪያድ ላላችሁ ደግሞ ኤር ኮንዲሽነሩ ያንኑ ያደርጋል። በጣም የደረቀ ቦታ ካለ ከላይ ትንሽ ቫዝሊን ይጨመራል። አሜሪካ ውስጥ በ1872 ፓተንት የተሰጠው ይህ የአያቶቻችን ቅባት ራሱ ውሃ የለውም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይከድናል። ስለዚህ በደረቀ ቆዳ ላይ ብቻውን ከመቀባት በእርጥቡ ላይ መቀባቱ ይሻላል።

ስትገዙ ዕቃው ላይ “ፍራግራንስ ፍሪ” የሚለውን ፈልጉ፤ ሽቶ አልገባበትም ማለት ነው። “አንሴንትድ” የሚለው ይለያል፤ ሌላውን ሽታ ለመሸፈን ሽቶ የገባበት ሊሆን ይችላል። አዲስ ነገር ስትጀምሩም አንድ በአንድ ይሁን። መጀመሪያ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀቡና ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ጠብቁ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

እኔም ጥፋት አለብኝ። “ሎሚና ማር ተቀቢ” ብያት ነበር። የሎሚ አሲድ የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላል፤ የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ግን ምን እንደገባበት ያልተጻፈበት የማቅያ ክሬም ነው። አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ዘመድ ቢያመጣላችሁም አትቀቡት።

ቆዳችሁ ከተሰነጠቀ፣ ውሃ ካወጣ፣ ወይም ማሳከኩ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ችፌ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። “ቀይ ነው ወይ?” ብሎ ከጠየቃችሁ፣ በእናንተ ቆዳ ላይ ጠቁሮ እንደሚታይ ንገሩት።

የልጄ ፊት ማቃጠሉን በሁለት ሳምንት ውስጥ አቆመ። ጉንጯ ላይ ያሉት ምልክቶች ፈዘዙ እንጂ ገና አልጠፉም። እህቴን ለብቻዋ ደውዬ፣ “እባክሽ ስለ መልኳ አትጀምሪ” አልኳት። “እኔ ደግሞ ምን አልኩ?” ብላ ተቆጣች። ባለፈው እሑድ ግን፣ “የኔ ቆንጆ፣ ትምህርት እንዴት ነው?” ብላ ጀመረች። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ እኔ እራት እስካቀርብ ድረስ ያወሩ ነበር።