የተረት ስንቅ በቤታችን ምድጃ



ልጆች የተረት መጽሐፍ በወደዱ ጊዜ በውስጡ የተነገረውን ምግብ ደግሞ ለመቅመስ ይሻሉ። የእንግሊዙ ደራሲ ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በሚባለው ታሪኩ፥ በ1946 ዓ.ም. በታተመው በመጀመሪያው ክፍል፥ ለምባስ ስለሚባል የመንገደኛ ቂጣ ጽፏል። በቅጠል እንደ ተጠቀለለ ሳይሰበር ከተቀመጠ ብዙ ቀን ይቆያል፤ አንዱም ብቻውን ለአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል።

ደራሲው አሠራሩን በዚያ አልገለጸም። እንግዲህ ልጅ «ይህን ሥሪልኝ» ቢል እናት ምን ትመልስ? በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ ላለች እናት መልሱ ከጓዳዋ አይርቅም፤ በሶ አለና።

ገብሱ ረጥቦ በሙቀጫ ይፈተግ፤ ገለባው ከተለየ በኋላ በደንብ ይታመስ፤ ከዚያም ይፈጭ። ዱቄቱ በጨውና በጥቂት ውኃ ታሽቶ በእጅ ይጨበጣል። በፍስክ ጊዜ በውኃ ፈንታ በተነጠረ ቅቤ ቢታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ይህም ብዙ ይሰነብታል። ቅጠል የተባለ እንደ ሆነ ኮባ ይበቃል። እርጥበቱ በመታመስ ስለሚወጣ ዱቄቱ በደረቅ ስልቻ ሳይበላሽ ይቆያል።

መኪና መንገዱን ካሳጠረው ወዲህ ስንቅ መሰነቅ እየቀረ፥ ሙያውም በአያቶች እጅ ብቻ እየተወሰነ ነው። ስለዚህ ልጁ የባዕድ ተረት ወደደ ብላችሁ አትቈጡት፤ ይልቁንም ሙቀጫው አጠገብ ከአያቱ ጋር አስቀምጡት። እርስዋ ያለ ተማሪ ብታልፍ ሙያዋ አብሮ ይቀበራልና።