የዓባይ ኖራ ገደል በበጋ

አረርቲን የከበቡት ገደሎች የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ምንጃር ሸንኮራ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ስላለ፣ ከመሬቱ ብቅ የሚለው ጥቁር ድንጋይና ከአመድ የጠጠረ አለት ነው። ረጅም የኖራ ድንጋይ ገደል መውጣት የሚፈልግ የአረርቲ ሰው በሞጆ አድርጎ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያም በሱሉልታና በፍቼ በኩል 185 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ነው። በእግር ለወረደበት ግን ንብርብሩ በግልጽ ይታያል፦ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ጄሶና ሸክላማ አፈር፣ ወንዙ አጠገብ አሸዋ ድንጋይ። ኖራ ድንጋዩ ብቻውን 400 ሜትር ያህል ይወፍራል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል የሸፈነው ባሕር የተወው ዝቃጭ ነው፤ ጠጋ ብሎ ላየው የዛጎል ስብርባሪ እንደተጣበቀበት አለ። የዝናብ ውኃ ኖራን እያሟሟ ጣት የሚገባበት ቀዳዳና እግር የሚቆምበት ጠርዝ ያበጃል። ገደል ወጪዎች በዓለም ዙሪያ ይህን ድንጋይ የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

ሁሉም ገደል ግን አይታመንም። ወፍራሙ ንብርብር ጽኑ ነው፤ ስሱ ከጭቃማ ንብርብር ጋር የተፈራረቀበት ቦታ ሲይዙት ይገነጠላል። ክረምት ሲመጣ ናዳው አስፋልቱን ሳይቀር ይሰብራል። ትክክለኛው ወቅት በጋ ነው፣ በተለይ ታኅሣሥና ጥር። ያን ጊዜ የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ለብሶ ያድራል፣ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ የሸለቆው ግርጌ ይፋጃል። የታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ወደ ሰሜን የዞረው የጎሃ ጽዮን ወገን የተሻለ ጥላ አለው።

ገደል መውጣት ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገባው 15 ሜትር ያህል በጠፍር ገመድ ተወጥቶ ነው። አሜሪካዊቷ ማይካ ቡርሃርትም የገራልታን ዓምዶች ከወጣች በኋላ መጽሐፍ አሳትማለች። ሁለቱም ታሪኮች የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ኖራ ድንጋይ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰው ሲሚንቶ መሆኑ ያሳዝናል፤ ይህ ገደል ከመፈጨት የላቀ ጥቅም አለው።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን በዝግጅት ነው። ጽኑውን ንብርብር የሥነ ምድር ባለሙያ ይለይ፤ ገመድ የሚያያዝበት ብሎን የማይዝግ ይሁን፤ አስወጪዎቹ ሠልጥነው ከዚያው ከበረሃው አፋፍ የሚመጡ ወጣቶች ይሁኑ። ጥንብ አንሳዎች በጋውን ጫጩት የሚያሳድጉበት ገደል ደግሞ ፈጽሞ ሊነካ አይገባም። ተጓዡም ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ያጠያይቅ፤ ሲመለስም ጭነት መኪኖች የሚያቃስቱበትን ዳገት ሳይመሽ ይለፍ።